ጎተራ፣ ጉድጓድና ሻጋታ
ስለ እህል መርዝ ታሪክ የተደረገ አጭር ምርመራ

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ነገር በታሪክ መጻሕፍት ብዙ ቦታ ያልተሰጠው ነው። ስለ ረኃብ፣ ስለ አንበጣና ስለ ድርቅ ዘመናት ብዙ ተጽፏል፤ እህሉ ታጭዶና ተወቅቶ ከገባ በኋላ ግን በማከማቻው ውስጥ ምን እንደሚደርስበት የጻፈ ሰው ጥቂት ነው። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ከገበሬ ቤት የመጣን ስለ ሆንን ሻጋታ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ አስተማሪ አላስፈለገንም። ይሁን እንጂ ሻጋታ የእህልን ጣዕም ከማበላሸት አልፎ ሰውን የሚገድል መርዝ ሊተው እንደሚችል የተረዳነው ወደ ኮሌጅ ከመጣን በኋላ ነው። ሳይንስም ቢሆን የጎተራውን መርዝ ለይቶ ካወቀ ከአንድ ሰው ዕድሜ አይበልጥም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

አባቶቻችን ለእህል የሠሩት ማከማቻ እንደ አገሩ ጠባይ ልዩ ልዩ ነው። በብዙ ቦታ በጭቃና በጭድ የተለሰነ ጎተራ በደጅ ይቆማል፤ በቤት ውስጥም ጎታ ይቀመጣል። በሐረርጌ ግን ማሽላ ብዙውን ጊዜ የሚከማቸው በመሬት ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ነው። ጉድጓዱ እንደ እንስራ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ሆኖ ይቆፈራል፤ ግድግዳው በጭድ ይለብሳል፣ ወይም በእበት ይለቀለቃል። እህሉ ከገባ በኋላ አፉ በእንጨትና በድንጋይ ተከድኖ በጭቃ ይመረጋል። ይህን አሠራር ኋላ ቀር ነው ብሎ መናቅ ተገቢ አይመስለንም። ጉድጓዱን ሌባ በቀላሉ አያየውም፤ እሳትም አይደርስበትም። ከዚህም ሌላ አፉ በደንብ ከተመረገ በውስጡ ያለው አየር እያለቀ ስለሚሄድ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል። ጉድጓዱ ሲከፈት ወዲያው የገባ ሰው በታፈነው አየር ሊሞት የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ጊዜ ተከፍቶ እንዲናፈስ ይደረጋል። በ1970ዎቹ ዓመታት የእንግሊዝ የእህል ማከማቻ ባለሙያዎች መጥተው እነዚህን ጉድጓዶች እስከ ማጥናት ደርሰዋል።

የጉድጓዱ ጉድለት እርጥበት ነው። ከአፈሩ የሚሰርገው እርጥበት በመጀመሪያ የሚያገኘው በግድግዳው ዙሪያና በአፉ አጠገብ ያለውን እህል ነው። ስለዚህ መሐሉ ደህና ሆኖ ሳለ ጠርዙ ይሻግታል። ገበሬውም ይህን ያውቃል፤ ሲያወጣም የጠርዙን ከመሐሉ ይለያል። አንባቢ ይህን የጠርዝ እህል እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ በኋላ እንመለስበታለንና።

የሻጋታ ዘር ያመጣው መርዝ ሁሉ ግን ከማከማቻ አይነሣም። በእርሻው ላይ እንዳለ እህሉን የሚይዝ ኤርጎት የሚባል አለ፤ በዘለላው ላይ በፍሬው ፈንታ ጥቁር ቀንድ የመሰለ ነገር ያበቅላል። በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ የአጃ እንጀራ የሚበሉትን ድሆች እጅና እግር እያደረቀ ይቆርጥ የነበረ፣ ሕዝቡም በቅዱስ እንጦንስ እሳት ስም ይጠራው የነበረ በሽታ ምክንያቱ ይኸው ነው። ይህ በሽታ በአውሮፓ ከተረሳ በኋላ በ1977 እና በ1978 በወሎ ታየ። ምክንያቱም በገብስ ማሳ መካከል የሚበቅለው ስናር በዚሁ ጥቁር ቀንድ ተይዞ ከገብሱ ጋር ታጭዶ መበላቱ ነበር። ከታመሙት ብዙዎቹ ወጣቶች ሲሆኑ እግራቸውን ያጡም ነበሩ። በ2001 ደግሞ በአርሲ የተበከለ ገብስ በበሉ ሰዎች ላይ ይኸው በሽታ ተገኝቷል። እንግዲህ ይህ መርዝ ቢያንስ በዓይን የሚታይ ምልክት አለው፤ የሚለቅም እጅና የሚበቃ ሌላ እህል ካለ ከምግብ ሊወጣ ይችላል።

ሁለተኛው መርዝ ግን እንዲህ አይደለም። በ1960 በእንግሊዝ አገር ከመቶ ሺህ የሚበልጡ የቱርክ ዶሮ ጫጩቶች ምክንያቱ ሳይታወቅ አለቁ። ሐኪሞቹ በመጀመሪያ ተላላፊ በሽታ መስሏቸው ነበር፤ በመጨረሻ ግን ጥፋቱ ከብራዚል በመጣ የለውዝ ፋጉሎ ውስጥ ተገኘ። ፋጉሎው አስፐርጊለስ ፍላቨስ በሚባል ሻጋታ ተይዞ ነበር። መርዙም ከዚሁ ስም ተወስዶ አፍላቶክሲን ተባለ። ይህ መርዝ ሽታም ጣዕምም የለውም፤ ሻጋታው ተጠርጎ ከጠፋ በኋላም በፍሬው ውስጥ ይቀራል፤ በድስት መቀቀልም ሆነ በምጣድ መጋገር አያጠፋውም። ብዙ ሆኖ ከተበላ ጉበትን በጥቂት ቀናት ያፈርሳል፤ ጥቂት በጥቂት ለዓመታት ከተበላም የጉበት ካንሰር ያመጣል። ሀብታሞቹ አገሮች ይህን ለማወቅ የተነሡት ገንዘብ ያወጡባቸው ዶሮዎች ስለ ሞቱባቸው መሆኑን ስናስብ፣ ከዚያ በፊት በየጎጆው በጉበት በሽታ ስለ ሞቱት ሰዎች ማን ጠይቆ ያውቃል ሳንል ማለፍ አልቻልንም።

አሁን ስለ እህሉ ዓይነት ጥቂት እንበል፤ የጽሑፋችን ዋና ነገር እዚህ ላይ ነውና። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለ ሆነ ቶሎ ይደርቃል፤ ነቀዝም አይደፍረውም፤ ስለዚህ ለዓመታት ይቀመጣል። በቆሎ ግን ለእኛ አገር እንግዳ ነው፤ በአንዳንድ ቦታ የባሕር ማሽላ መባሉም ከባሕር ማዶ መምጣቱን ይመሰክራል። ፍሬው ትልቅ ስለ ሆነ በዝግታ ይደርቃል። እርጥበቱ ከመቶ 13 እጅ ያህል ካልወረደ በጎተራ ቢቀመጥ ይሻግታል። ገበሬው በጥርሱ ሰብሮ ድርቀቱን ይፈትናል፤ ሆኖም ከመቶ 13 እና ከመቶ 16 እጅ መካከል ያለውን ልዩነት በጥርስ ማወቅ አስቸጋሪ ነው። በሃያኛው መቶ ዘመን በምሥራቅ አፍሪካ በቆሎ በብዙ ቦታ ማሽላንና ዳጉሳን እየተካ ሄደ። እህሉ ሲለወጥ ማከማቻው ግን ብዙ አልተለወጠም።

ይህ ለውጥ ምን እንዳስከተለ በ1974 በሕንድ አገር ታየ። በራጃስታንና በጉጃራት በቆሎን ዋና ምግባቸው ያደረጉ መንደሮች ያለ ወቅቱ በዘነበ ዝናብ የሻገተ እህል በልተው 397 ሰዎች ታመሙ፤ ከእነርሱም 106 ሞቱ። ከሁሉ ይልቅ በቅርብ የሚነካን ግን የጎረቤታችን የኬንያ ነገር ነው። በ2004 በአገሪቱ ምሥራቅ፣ በተለይም በማኩዌኒና በኪቱዪ፣ 317 ሰዎች ታመው 125 ሞቱ። አካባቢው ደረቅ ነው፤ በዚያ ዓመት ድርቅ ምርቱን አሳነሰው፤ በድርቅ የተጎዳ በቆሎ ደግሞ ይህ ሻጋታ ገና በማሳው ሳለ ይይዘዋል። በመከር ጊዜ ደግሞ ያልታሰበ ዝናብ ወረደ። እህል ባጠረበት ዓመት ሌባ ይበዛልና ገበሬዎቹ በውጭ ባለው ጎተራ ማስቀመጥን ፈርተው ያልደረቀውን በቆሎ ወደሚተኙበት ቤት አስገቡት። ቤቱ ሙቅ ነው፤ አየር አያገኝም፤ ሻጋታውም በዚያ ተመቸው። ከገበያ ከተወሰደው ናሙና ከመቶ 55 እጁ በዚያን ጊዜ ሕግ ይፈቅደው ከነበረው፣ ማለት በአንድ ኪሎ 20 ማይክሮግራም፣ በላይ መርዝ ነበረበት፤ ከመቶ 7 እጁም ከ1,000 ማይክሮግራም ያልፍ ነበር።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ የገበሬው አለማወቅ ነው ይላል። እኛ በዚህ አንስማማም። የማኩዌኒ ገበሬ የሻገተ በቆሎ መጥፎ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ጎተራ በውጭ የሚሠራውም እህል አየር እንዲያገኝ መሆኑን ያውቅ ነበር። ከሚያውቀው ያወጣው የእህሉ ማነስና የሌባው ፍርሃት ነው። በወሎም የተቸገረ ቤተሰብ ስናሩን ከገብሱ ለቅሞ ቢጥል የቀረው አያደርሰውም ነበር።

ወደ ጠርዙ እህል እንመለስ። በጥጋብ ዘመን ከጉድጓዱ የወጣው ሻጋታ የያዘው እህል በልጆች ገበታ ላይ አይቀርብም። ነገር ግን አይጣልም፤ በእኛ ቤት የሚጣል እህል የለምና። ግማሹ ለጠላ ይሆናል፤ በጌሾው ምሬት የሻጋታው ጣዕም ይሸፈናል፤ መርዙን ግን ጥንስሱ ጨርሶ አያጠፋውም። ሌላው ለከብት ይሰጣል። ላም የበላችው አፍላቶክሲን ደግሞ መልኩን ለውጦ በወተቷ ይወጣል። በ2016 በታተመ ጥናት ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ ከተሰበሰበ 110 የወተት ናሙና በአውሮፓ ሕግ ከተፈቀደው መጠን በታች ሆኖ የተገኘው 9 ብቻ ነበር። ዋናው ምንጭ ላሞቹ የበሉት የኑግ ፋጉሎ መሆኑ ተገልጧል፤ በ1960 ያን ሁሉ ጫጩት የፈጀውም ፋጉሎ ነበር።