ተሳቢዋ ጽጌረዳ ከየት መጣች? ስናዛውራትስ ለምን ትደርቃለች?

ክረምቱ ሊገባ ሲል የአበባ ጥያቄ ይበዛል። ከሁሉ የሚደጋገመው መሬት ለመሬት ስለምትሳበው ጽጌረዳ ነው፦ «እንክብካቤ አትፈልግም ተብለን ገዛን፤ ከበሩ ነቅለን ወደ አጥሩ ስናዛውራት ግን ደረቀች።» ይሄ «እንክብካቤ አትፈልግም» የሚባለው ዝም ብሎ የሻጭ ወሬ አይደለም፣ ታሪክ አለው። ታሪኩን በግማሽ ከሰማነው ግን ተክል ያስከፍለናል። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የድሮ አውሮፓውያን አዳቃዮች የሚያሳድዱት የአበባውን መልክ ነበር። በ1900 ፔርኔ ዱሼ የሚባል የሊዮን ከተማ ፈረንሳዊ ከአንዲት ቢጫ የፋርስ ጽጌረዳ አዳቅሎ «ሶሌይ ዶር» የተባለችውን አወጣ። በዚያ መስመር ደማቅ ቢጫው ወደ ዘመናዊ ጽጌረዳዎች ገባ። ችግሩ፣ ቅጠል ላይ በሚወጣው ጥቁር ነጠብጣብ በሽታ ቶሎ የመጠቃት ባሕርይም አብሮ ገባ። ከዚያ በኋላ ጽጌረዳ ማለት መርጫ ይዞ የሚዞሩላት አበባ ሆነች።

ተሳቢዋ ደግሞ በሌላ በር ነው የመጣችው። ማክስ ዊኩራ የተባለ ጀርመናዊ፣ ትምህርቱ ሕግ ሆኖ ለዕፅዋት ያደረ ሰው፣ ከ1859 እስከ 1862 ከፕሩሺያ መንግሥት ወደ ሩቅ ምሥራቅ ከተላከው ቡድን ጋር ተጉዞ ጃፓን ውስጥ አንዲት የዱር ጽጌረዳ አገኘ። ቅርንጫፏ ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ መሬት ላይ ይሳባል፤ አፈር በነካበት ቦታም ሥር ይሰዳል። ይቺን ባሕርይ ያዙልኝ፣ በኋላ እንፈልጋታለን። ዊኩራ በ1866 ሞተ፤ ተክሏ በስሙ የተጠራችው ከሞቱ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው።

የሚገርመው፣ መጀመሪያ ላይ መሳቧን ብዙ ሰው አልፈለገውም። አሜሪካኖች ከእሷ አዳቅለው በ1901 ያወጧት «ዶረቲ ፐርኪንስ» ግድግዳና አጥር ላይ ተሰቅላ ነው ስሟ የገነነው። ያውም ዱቄት በሚመስለው የቅጠል በሽታ ክፉኛ የምትጠቃ ነች። መሬት በመሸፈን ቀድማ የታወቀችው በ1919 አሜሪካ ውስጥ የወጣችው «ማክስ ግራፍ» ናት። እሷ ደግሞ ዘር አትሰጥም ማለት ይቻላል። ጀርመናዊው ቪልሄልም ኮርደስ ግን ከእሷ ጥቂት ዘር አግኝቶ አበቀለ፤ ከበቀሉት አንዱ ክሮሞዞሙ በራሱ ጊዜ እጥፍ ሆኖ ስለተገኘ ለማዳቀል ተመቸ። ጠንካራ የሆኑ ብዙ ዝርያዎች የሚቆጠሩት ከዚያ ተክል ነው።

ጀርመኖች ከ1950 ጀምሮ አዳዲስ ጽጌረዳዎችን በተለያዩ ቦታዎች ተክለው ይፈትናሉ፤ ከ1997 ወዲህ በፈተናው ላይ ኬሚካል መርጨት ክልክል ነው። ቬርነር ኖአክ የተባለው አዳቃይ በ1980ዎቹ መጨረሻ ያወጣት «ሃይደትራውም» ይህን ፈተና ካለፉት አንዷ ነች፤ በሌላው ዓለም «ፍላወር ካርፔት»፣ የአበባ ምንጣፍ እንደማለት፣ ተብላ ተሸጠች። እንዲህ ዓይነት ጽጌረዳዎች የተፈለጉት ለመንገድ ዳርና ለመናፈሻ ነው፤ እዚያ እያንዳንዱን እግር እየዞረ የሚረጭና የሚገርዝ ሠራተኛ የለምና።

እንግዲህ «እንክብካቤ አትፈልግም» ሲባል፣ መርጨትና ጥንቃቄ የተሞላበት ግረዛ ብዙም አትፈልግም ማለት ነው። ንብ ላለው ጓሮ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። መነቀልን ትችላለች ያለ ግን የለም።

ሌላው ስህተት የወቅት ነው። በአውሮፓ መጽሐፍ «በክረምት አዛውር» የሚለው ብርዱ ቅጠሏን አራግፎ ሲያስተኛት ነው። በእኛ ደጋና ወይና ደጋ ጽጌረዳ እንደዚያ አትተኛም፤ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሏ ውሃ ያተናል። ስለዚህ ደረቁን ብርድ፣ ታኅሣሥንና ጥርን፣ ተዉት። የእኛ ጊዜ ዝናቡ ሲይዝ፣ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ነው። ቀኑ ደመና ይሁን፣ ሰዓቱም ወደ ማታ። ቅርንጫፉን ከግማሽ በላይ ቆርጣችሁ፣ ሥሩን አፈሩን እንዳቀፈ አንሡ። አዲሱን ጉድጓድ አስቀድማችሁ ቆፍሩ፤ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃል፣ ስፋቱ ግን ከዚያ ይብለጥ። የበሰለ ብስባሽ ጨምሩ፤ ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። አፈራችሁ ዋልካ (መረሬ) ከሆነ መደቡን ከፍ አድርጉት፣ አለዚያ ጉድጓዱ ክረምቱን ሙሉ ኩሬ ይሆናል።

እኔ ግን የምመክረው እናቲቱን ባትነቅሏት ነው። የጃፓኗ ባሕርይ እዚህ ላይ ትጠቅማለች። አንድ ረጅም ቅርንጫፍ መሬት ላይ አስተኙ፣ ከሥር በኩል ልጡን ትንሽ ፋቅ አድርጉ፣ በአፈር ሸፍናችሁ ድንጋይ ጫኑበት። ጫፉ ውጭ ይቅር። ክረምቱ ያጠጣላችኋል። መስከረም ላይ ቀስ አድርጋችሁ ሳቡት፤ ከያዘ ከእናቱ ቆርጣችሁ ወስዳችሁ ትተክሉታላችሁ። ባይይዝ ያጣችሁት አንድ ቅርንጫፍ ነው።

በነገራችን ላይ የኛዋ ቀጋ፣ ከብት ጠባቂ ልጆች ቀይ ፍሬዋን የሚበሏት፣ ከዚችው ከጃፓኗ ጋር በአንድ የዘመድ ምድብ ውስጥ ነች። ሁለቱም አበባቸው ነጭ ነው፤ መሃሉን ብታዩ የሴቴው ዘንጎች ተጣብቀው እንደ አንድ ምሰሶ ቆመዋል።

ከተተከለች በኋላ የመጀመሪያውን በጋ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ባልዲ ውሃ አትንፈጓት፣ ከሥሯም ገለባ ጎዝጉዙ። በአንዱና በሌላው እግር መካከል ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ሰርዶን ግን ከመትከላችሁ በፊት ከነሥሩ ልቀሙ፤ አንዴ ከእሾሁ ሥር ከገባ እጅ አስገብቶ የሚያወጣው የለም።