ጉልበተኛው ወይስ ቆጣቢው? የሁለት ፕሮሰሰሮች ታሪክ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2004፣ ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ። በአንድ ትልቅ የቴክኖሎጂ ጉባኤ መድረክ ላይ የኢንቴል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ክሬግ ባሬት ተንበርክከው ይቅርታ ጠየቁ። ነገሩ ቀልድ ቢሆንም ከበስተኋላው ቁም ነገር ነበረው። ኩባንያው እሠራዋለሁ ብሎ ያስታወቀውን ባለ 4 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 4 ፕሮሰሰር ሰርዞታል። ኢንቴል እኮ 3.8 ጊጋኸርዝ ደርሷል። በዓለም ትልቁ የፕሮሰሰር አምራች ያቺን የቀረችውን 0.2 መጨመር ለምን አቃተው?

መልሱን ካወቅን፣ ዛሬ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ስንመርጥ "ኃይል ቆጣቢውን ልያዝ ወይስ ጉልበተኛውን?" የሚለው ጥያቄ በጣም ይቀልለናል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጊጋኸርዝ እሽቅድምድም

በ1990ዎቹ መጨረሻ ኮምፒውተር ሊገዛ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ሜጋኸርዝ ነው?" ብሎ ነበር። ፕሮሰሰር ውስጥ እንደ ልብ የሚመታ ሰዓት አለ። ኸርዝ ማለት ይህ ሰዓት በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመታ የሚነግረን መለኪያ ሲሆን፣ 1 ጊጋኸርዝ በሰከንድ 1 ቢሊዮን ምት ነው። ኢንቴል በኖቬምበር 2000 ለገበያ ያቀረበው ፔንቲየም 4 ዋና ዓላማው ይህንን ቁጥር ማሳደግ ነበር።

ዘዴውን ለመረዳት ተሰልፈው ጡብ የሚቀባበሉ የግንባታ ሠራተኞችን አስቡ። ሰልፉ ላይ ሰው ሲጨመር እያንዳንዱ የሚሸፍነው ርቀት ያጥራል፤ ቅብብሉም ይፈጥናል። ፔንቲየም 3 ሥራውን በ10 ደረጃ ገደማ ይከፋፍል ነበር። የመጀመሪያው ፔንቲየም 4 ይህንን 20 አደረሰው። በ2004 የመጣው፣ ፕሬስኮት የሚባለው የፔንቲየም 4 ዝርያ ደግሞ 31 ደረጃ ነበረው።

ችግሩ ፕሮሰሰር ቀጥሎ የሚመጣውን ትእዛዝ እየገመተ መሥራቱ ነው። ግምቱ ከተሳሳተ ሰልፉ ላይ ያለው ጡብ ሁሉ ተጥሎ ቅብብሉ ከመጀመሪያው ይነሳል። ሰልፉ በረዘመ ቁጥር ኪሳራውም ይበዛል። በመሆኑም ፔንቲየም 4 ቶሎ ቶሎ ቢመታም፣ በአንድ ምት የሚሠራው ሥራ ትንሽ ነበር።

ከምጣድ የባሰ ሙቀት

ሁለተኛው ችግር ሙቀት ነው። ሮበርት ዴናርድና የአይቢኤም ባልደረቦቻቸው በ1974 አንድ ጠቃሚ ነገር አሳይተው ነበር፦ ትራንዚስተር ሲያንስ ቮልቴጁንም አብሮ መቀነስ ይቻላል። ስለዚህ በአንድ ስኩዌር ሴንቲሜትር ላይ ብዙ ትራንዚስተር ብንደርድር እንኳ ሙቀቱ አይጨምርም። ለ30 ዓመት ገደማ ፕሮሰሰሮች በየጊዜው የፈጠኑት በዚህ በረከት ነው።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ግን ትራንዚስተሮቹ ከማነሳቸው የተነሳ፣ ተዘግተው እያለ እንኳ እንደ አሮጌ ቧንቧ ኮረንቲ ያፈሱ ጀመር። ቮልቴጁን ከዚያ በታች ማውረድ አስቸጋሪ ሆነ። ፍጥነቱ ሲጨመር ሙቀቱም አብሮ ይወጣል ማለት ነው።

ፕሬስኮት 1.12 ስኩዌር ሴንቲሜትር ብቻ የሚሰፋ ቺፕ ሲሆን፣ ፈጣኖቹ ሞዴሎች 115 ዋት ሙቀት የሚያስወግድ ማቀዝቀዣ ይፈልጉ ነበር። አሁን የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድን እናስላ። 3,500 ዋት የሚስብና የጎን ለጎን ስፋቱ 60 ሴንቲሜትር የሆነ ምጣድ በአንድ ስኩዌር ሴንቲሜትር የሚደርሰው 1.2 ዋት ገደማ ነው። ፕሬስኮት ላይ ግን ከ100 ዋት በላይ! 4 ጊጋኸርዝ እንዲቀር ያደረገው ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

ከሃይፋ የመጣው ቆጣቢ

በዚያው ኩባንያ ውስጥ፣ ሃይፋ፣ እስራኤል ያለ የኢንቴል ቡድን ሌላ መንገድ ይዞ ነበር። ሥራው ለላፕቶፕ ፕሮሰሰር መንደፍ ነው። የባትሪ ነገር የታወቀ ነው፤ ዋት ማባከን አይቻልም። ቡድኑ ከፔንቲየም 3 ብዙ ሐሳብ ወሰደ፤ ቀጣዩን ትእዛዝ የመገመት ችሎታውን አሻሻለ፤ ቺፑ ላይ ያለውን ፈጣን ማስታወሻ፣ ካሽ የሚባለውን፣ አሰፋ፤ ሥራ የፈታ ክፍል ኃይል እንዳይበላም አደረገ።

ውጤቱ በማርች 2003 የወጣው ፔንቲየም ኤም ነው። ባለ 1.6 ጊጋኸርዙ የተመደበለት 24.5 ዋት ብቻ ቢሆንም፣ በብዙ ሥራዎች ከ2 ጊጋኸርዝ በላይ ከሚመታ ፔንቲየም 4 ጋር ይፎካከር ነበር። በ2005 አሱስ የተባለው ኩባንያ ይህን የላፕቶፕ ፕሮሰሰር በፔንቲየም 4 ማዘርቦርድ ላይ የሚያስገጥም አስማሚ ሲሸጥ፣ ነገሩን ዴስክቶፕ ላይ የሞከሩ ሰዎች ተገረሙ። በጌም ጎበዝ ነበር። ቪዲዮ በመቀየርና የ3ዲ ምስል በማዘጋጀት ግን ፔንቲየም 4 ይበልጠዋል። "የቱ ይሻላል?" ሲባል "ለምን ሥራ?" ብሎ መጠየቅ ያኔም ግድ ነበር።

በጁላይ 2006 ኢንቴል የሃይፋውን መንገድ ለዴስክቶፕም መረጠ። ኮር 2 ዱዎ መጣ፤ ባለ 2.4 ጊጋኸርዙ ሞዴል ሁለት ኮር ይዞ 65 ዋት ብቻ ተመድቦለት ነበር። 3.73 ጊጋኸርዝ የሚመታውንና 130 ዋት የሚፈልገውን የድሮውን ጉልበተኛ በአብዛኞቹ ፈተናዎች በለጠው።

ታዲያ ዛሬስ?

የፕሮሰሰር የኃይል ፍጆታ በግምት ከፍጥነቱና ከቮልቴጁ ካሬ ብዜት ጋር ይሄዳል። ፍጥነቱን በ10 በመቶ ለመጨመር ቮልቴጁንም በ10 በመቶ ማሳደግ ካስፈለገ፣ 1.1 × 1.1 × 1.1 = 1.33 ይሆናል። ለ10 በመቶ ፍጥነት 33 በመቶ ተጨማሪ ኃይል ከፈልን ማለት ነው። የመጨረሻዋ የፍጥነት ጭማሪ ሁልጊዜ ውድ ናት።

ይህንን በኢንቴል ኮር አይ9 13900ኬ እና 13900ቲ ላይ ማየት ይቻላል። ሁለቱም 24 ኮር አላቸው። ኬ መነሻው 125 ዋት ሆኖ እስከ 253 ይወጣል፤ ቲ ግን መነሻው 35፣ ጣሪያው 106 ዋት ነው። ጥቂት ኮር ብቻ ለአጭር ጊዜ ሲሠራ ኬ እስከ 5.8፣ ቲ እስከ 5.3 ጊጋኸርዝ ይደርሳሉ። ስለዚህ ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔት፣ ፕሮግራሚንግ ለመማር ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም። ቆጣቢው ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ መብራት ሲጠፋም ዩፒኤሱን ረዘም ላለ ጊዜ ያቆየዋል። ሁሉም ኮሮች አንድ ሰዓት ሙሉ ቪዲዮ ሲያቀናብሩ ግን ጉልበተኛው በግልጽ ይቀድማል፤ በቂ ማቀዝቀዣ ከተገጠመለት ማለት ነው።

እና ሱቅ ስትገቡ "ስንት ጊጋኸርዝ ነው?" ብላችሁ አታቁሙ። "ስንት ዋት ነው?" ብላችሁም ጠይቁ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ኮምፒውተሩ አብዛኛውን ጊዜ ምን እንደሚሠራላችሁ አስቡ።