ከማልያ ሥር ያለው ጽሑፍ

የእግር ኳስ ጨዋታ የሚመራባቸው ሕጎች በቁጥር 17 ናቸው። ከእነዚህም አራተኛው ስለ ተጫዋቹ ልብስና ጫማ የሚደነግግ በመሆኑ፣ ለረጅም ዘመን ከዳኞች በቀር እምብዛም የሚያነበው አልነበረም። ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ወዲህ ግን ይህ ተራ የሚመስል አንቀጽ የሃይማኖትና የፖለቲካ መከራከሪያ ሆኗል። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም፤ ቴሌቪዥን ጎል ያገባውን ሰው አቅርቦ ለዓለም በሚያሳይበት ቅጽበት፣ ያ ሰው ማልያውን ገልጦ ከሥሩ በለበሰው ካናቴራ ላይ የተጻፈውን ቢያሳይ፣ የትኛውም ጋዜጣ ሊሰጠው የማይችለውን አንባቢ በአንድ ጊዜ ያገኛል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በማርች 20 ቀን 1997 የሊቨርፑሉ አጥቂ ሮቢ ፋውለር በአውሮፓ የዋንጫ አሸናፊዎች ውድድር በኖርዌዩ ብራን ላይ ጎል ካገባ በኋላ ማልያውን ከፍ አደረገ። በካናቴራው ላይ የታየው ጽሑፍ ከሴፕቴምበር 1995 ጀምሮ ከሥራ ስለ ተባረሩት 500 የሊቨርፑል ወደብ ሠራተኞች የሚናገር ነበር። እነዚህ ሠራተኞች እንጀራቸውን ያጡት ባልደረቦቻቸው ያቆሙትን የአድማ ሰልፍ አልፈን አንገባም በማለታቸው ነው። ፋውለር በዚያው ከተማ፣ ቶክስቴዝ በሚባለው ሠፈር ተወልዶ ያደገ ልጅ በመሆኑ ነገሩ ለእርሱ የጎረቤቶቹ ጉዳይ ነበር። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበራት ኅብረት ግን 2,000 የስዊስ ፍራንክ ቀጣው። የሚያስገርመው፣ በዚያው ሰሞን ከአርሰናል ጋር በተደረገ ግጥሚያ ዳኛው የፍጹም ቅጣት ምት ሲሰጠው በረኛው አልጠለፈኝም ብሎ በመከራከሩ፣ ከዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከፊፋ የምስጋና ደብዳቤ ደረሰው። ስለ ኳሱ እውነቱን ሲናገር ተመሰገነ፤ ስለ ከተማው ሲናገር ተቀጣ። የወደቡም ክርክር ሠራተኞቹን ወደ ቀድሞ ሥራቸው ሳይመልስ በጃኑዋሪ 1998 አበቃ።

የሃይማኖቱ ጉዳይ የመጣው በሌላ በር ነው። በጁን 30 ቀን 2002 ብራዚል ዮኮሐማ ላይ ጀርመንን 2 ለ 0 አሸንፋ የዓለም ዋንጫን ስትወስድ፣ ተጫዋቾቿ በሜዳው መካከል ክብ ሠርተው ተንበርክከው ጸለዩ፤ አንዳንዶቹም ስለ ኢየሱስ የሚመሰክር ካናቴራ ለብሰው ታዩ። ከእነዚህ አንዱ የነበረው ካካ፣ በ2007 አቴንስ ላይ ሚላን ሊቨርፑልን 2 ለ 1 ካሸነፈ በኋላ «የኢየሱስ ነኝ» የሚለውን ጽሑፍ በድጋሚ ለዓለም አሳየ። ፊሽካው ተነፍቶ ጨዋታው ያበቃ በመሆኑ ካርድ የመዘዘ ዳኛ አልነበረም። በ2009 ብራዚሎች ጆሃንስበርግ ላይ አሜሪካን ከ2 ለ 0 ተነሥተው 3 ለ 2 አሸንፈው እንደ ልማዳቸው ሲጸልዩ ግን፣ የዴንማርክ እግር ኳስ ማኅበር ሃይማኖት ከሜዳ ይለይ ሲል አቤቱታ አቀረበ፤ ፊፋም የብራዚልን ፌዴሬሽን በማሳሰቢያ አለፈው።

በዚያው ዓመት በጃኑዋሪ ወር፣ ለሴቪያ ይጫወት የነበረው የማሊው ፍሬዴሪክ ካኑቴ በስፔን የንጉሥ ዋንጫ ግጥሚያ በዴፖርቲቮ ላይ ጎል አግብቶ የፍልስጥኤም ስም በልዩ ልዩ ቋንቋ የተጻፈበትን ካናቴራ አሳየ። 3,000 ዩሮ ተቀጣ። ከአንድ ዓመት በፊት ግብፃዊው መሐመድ አቡትሪካ በጋና በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ፣ በሱዳን ላይ ጎል ካገባ በኋላ ለጋዛ ማዘኑን በካናቴራው ገልጾ ቢጫ ካርድ ተሰጥቶት ነበር። የካኑቴ ጉዳይ ልዩ ትኩረት ይገባዋል። ይህ ሰው ቀደም ብሎ፣ ቁማር በእምነቱ የተከለከለ በመሆኑ፣ የቁማር ድርጅት ስም የታተመበትን የክለቡን ማልያ ለመልበስ ያመነታ ነበር። በ2007 ደግሞ በሴቪያ ከተማ ምእመናን ሊያጡት የነበረውን መስጊድ በገንዘቡ ገዝቶ አትርፎላቸዋል። እንግዲህ ለእንዲህ ያለው ሰው ሃይማኖቱ የሚያበቃበትና ፖለቲካው የሚጀምርበት ስፍት በየትኛው በኩል ነው? የሕግ ሰዎች ሁለቱን በአንድ ሐረግ አስረው በመከልከል ከዚህ ጥያቄ ተገላገሉ።

ክልከላው ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። በግላስጎው ከተማ ካቶሊክና ፕሮቴስታንት በሁለት ክለብ ተከፍለው ሲሰዳደቡ መኖራቸውን፣ ሬንጀርስ እስከ 1989 ድረስ የታወቀ ካቶሊክ ተጫዋች ለማስፈረም መዘግየቱን የሚያውቅ ሰው፣ ሜዳው የሰባኪዎች መወዳደሪያ ይሁን ብሎ በቀላሉ አይፈርድም።

ሕጉን የሚያወጣው ቦርድ የተመሠረተው በ1886 ነው። ቦርዱ በማርች 1 ቀን 2014 ዙሪክ ላይ ባደረገው ስብሰባ በአንድ ቀን ሁለት ተቃራኒ የሚመስሉ ውሳኔዎችን አሳለፈ። በአንደኛው፣ በካናቴራ ላይ ማንኛውንም መፈክር የማሳየትን ክልከላ አጠበቀ። በሁለተኛው ደግሞ የሙስሊም ሴቶች ሒጃብና የሲክ እምነት ተከታዮች ጥምጥም እንዲለበስ ፈቀደ። ከዚህ ውሳኔ በስተጀርባ ብዙ እንባ ነበር። በጁን 2011 የኢራን ሴቶች ቡድን ለኦሎምፒክ ማጣሪያ ዐማን ከተማ ሜዳ ከገባ በኋላ፣ በራስ መሸፈኛቸው ምክንያት እንዳይጫወቱ ተደርጎ ለዮርዳኖስ 3 ለ 0 ተፈርዶባቸዋል። ይቀርብ ከነበረው ምክንያት አንዱ ጨርቁ አንገት ያንቃል የሚል ነበር። ይህ ግን የንድፍ ጥያቄ ነው፤ ሲጎተት በቀላሉ የሚለቅ መሸፈኛ ሲሠራ ምክንያቱ አብሮ ወደቀ። የሞሮኮዋ ኑሐይላ ቤንዚና በ2023 በዓለም ዋንጫ ሒጃብ ለብሳ የተጫወተች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። በዚያው ዓመት ግን የፈረንሳይ የበላይ የአስተዳደር ፍርድ ቤት የአገሩ ፌዴሬሽን በራሱ ውድድሮች ያወጣውን ክልከላ አጸና።

የ2014ቱ ጥብቅ ቃል ሰባት ዓመት እንኳ አልሞላውም። በሜይ 2020 ማብቂያ የዶርትሙንዱ ጄደን ሳንቾ ለጆርጅ ፍሎይድ ፍትሕ የሚጠይቅ ካናቴራ ሲያሳይ ዳኛው ቢጫ ካርድ ሰጠው፤ ፊፋ ግን ውድድር አዘጋጆች ጉዳዩን በማስተዋል እንዲያዩት አሳሰበ፤ የጀርመን ማኅበርም ክሱን ተወው። በጁን ወር እንግሊዝ አገር ጨዋታ ሲጀመር ደግሞ፣ የጥቁሮችን ሕይወት ክብር የሚያውጅ መፈክር በተጫዋቾቹ ስም ቦታ በማልያው ጀርባ ታተመ። ያሳተመው ራሱ ሊጉ ነው። ከዚህ በኋላ ሕጉ የሚለካው የጽሑፉን ይዘት ነው ለማለት አስቸጋሪ ሆነ፤ ይልቁንም የጨርቁን ባለቤት ይመስላል። ድርጅት ሲጽፈው መርሕ ይባላል፤ ተጫዋች ሲጽፈው ጥፋት። ይህን የሚሉ ሰዎች ከአፍሪካም ማስረጃ አያጡም። በ1957 ኢትዮጵያ፣ ግብፅና ሱዳን ደቡብ አፍሪካን በዘር የተከፋፈለ ቡድን ይዛ እንዳትገባ ሲያግዱ፣ በኋላም ይድነቃቸው ተሰማ በዚያው አቋም ሲጸኑ፣ ያ ፖለቲካ ነበር፤ ትክክለኛም ነበር። ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ያባረረው ግን በ1976 ነው።

በ2024 መጨረሻ የእንግሊዝ ሊግ በተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ላይ የሚደርሰውን መገለል ለመቃወም የቀስተ ደመና ቀለም ያለው የክንድ ጥብጣብ ለአምበሎች አደለ። የክሪስታል ፓላሱ አምበል ማርክ ጌሂ፣ አባቱ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የሆነ፣ ጥብጣቡን አሠረ፤ ግን ኢየሱስን እወዳለሁ ብሎ ጻፈበት። የእንግሊዝ ማኅበር ደንቡን አስታወሰው። በሚቀጥለው ግጥሚያ በዲሴምበር 3 ቀን፣ ኢየሱስ ይወዳችኋል የሚል አዲስ ቃል ጽፎ መጣ። የተጋጣሚው የኢፕስዊች አምበል ሳም ሞርሲ ደግሞ ሙስሊም ሲሆን፣ ስለ እምነቱ ሲል የቀስተ ደመናውን ጥብጣብ ከነጭራሹ አላሠረም። ሁለቱ በሳንቲም ዕጣ ለመለየት በዳኛው ፊት ሲቆሙ፣ አንደኛው በጽሑፍ ሌላኛው ያለ ጽሑፍ የእምነታቸውን ቃል ተናግረው ነበር። ጥብጣቡን ማሠር ግዴታ ስላልነበረ ሞርሲን የሚጠይቀው ደንብ አልተገኘም፤ በጌሂም ላይ ማኅበሩ ክስ ሳይመሠርት ቀረ። ግጥሚያውን ፓላስ 1 ለ 0 አሸነፈ።