ዜና ማኅበረ መምህራን ዘኢትዮጵያ

የነገሥታቱን ዜና የጻፉ ብዙዎች ናቸው። እኛ ደግሞ ነገሥታቱንም ሹማምንቱንም ፊደል ስላስቆጠሩት መምህራን፣ ስላቆሙትም ማኅበር፣ በማኅበሩም ምክንያት ስለ ተቀበሉት መከራ እንጽፋለን።

አስቀድሞ በዚህ አገር መምህር ደመወዝ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። የኔታ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተቀምጠው ያስተምራሉ፤ ተማሪውም አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ ለምኖ ባገኘው ቁራሽ ያድራል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ከፍተው ከግብፅ መምህራን ባስመጡ ጊዜ፣ ማስተማር የመንግሥት ሥራ፣ መምህርም ደመወዝተኛ መሆን ጀመረ። ፋሺስት ኢጣልያ አገሪቱን ከወረረ በኋላ ግን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ወዲህም የተማሩ ወጣቶች እየታደኑ ተገደሉ። ስለዚህ ነጻነት በተመለሰ ጊዜ ትምህርት ቤት ተከፍቶ መምህር ታጣ፤ የተረፈው ጥቂቱ የብዙዎችን ሸክም ተሸከመ።

በ1941 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ መምህራን ተሰብስበው ማኅበር አቆሙ። ማኅበሩም ውሎ አድሮ የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ተብሎ በየጠቅላይ ግዛቱ ተስፋፋ። በዚያ ዘመን ወደ ገጠር የተላከ መምህር ዝውውር እየጠየቀ ዓመታት ይቀመጥ ነበር፤ ደመወዝ እስኪደርስ ከሱቅ በዱቤ ይበላል፤ ሲመሽም በኩራዝ ብርሃን የተማሪዎቹን ደብተር ያርማል። እንዲህ ያለውን ሰው ከሌላው ብጤው ጋር ያገናኘው ማኅበሩ ነበር።

ከዚህ በኋላ በ1966 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ታላቅ ነገር ሆነ። መንግሥት የትምህርቱን ይዞታ በባለሙያዎች አስጠንቶ ነበር፤ ሕዝቡም ጥናቱን «ሴክተር ሪቪው» ብሎ ያውቀዋል። አሳቡ ለብዙኃኑ ልጆች የ4 ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲዳረስ፣ ከዚያ በላይ ያለው ግን ለጥቂቶች እንዲሆን ነበር። አጥኚዎቹ ፊደል ላልደረሰው ገጠር ፊደል ለማድረስ አስበው ይሆናል፤ ወላጆች ግን የድሃ ልጅ ከ4ኛ ክፍል ላያልፍ ነው ብለው ደነገጡ። መምህራኑም ሥራው እንደሚበዛባቸው፣ ደመወዙ ግን ባለበት እንደሚቆይ አይተው ተቆጡ። በዚያው ወራት ወሎ በረኃብ ተጎድታ ነበር፤ የቤንዚን ዋጋ ጨመረ፤ በጥርም በነገሌ ቦረና የነበረው ጦር አመፀ።

ማኅበሩም አድማ ጠራ። የካቲት 11 ቀን፣ ሰኞ፣ የሁዳዴ ጾም በተያዘበት ዕለት፣ መምህራኑ ጠመኔያቸውን አስቀምጠው ከክፍል ቀሩ። በዚያው ዕለት የታክሲ ነጂዎች ስለ ቤንዚኑ ዋጋ ሥራ አቆሙ፤ ሰማያዊና ነጭ ሴቼንቶዎች ከአዲስ አበባ ጎዳና ጠፉ፤ ሠራተኛውም መሥሪያ ቤቱ በእግሩ ሄደ። ተማሪዎች መምህራናቸውን ተከትለው አደባባይ ወጡ፤ አውቶቡሶች በድንጋይ ተደበደቡ። መምህራኑ የጠየቁት ደመወዛቸው እንዲሻሻልና ሴክተር ሪቪው እንዲቀር ነበር። ለራሳቸው የጠየቁትንና ለልጆቹ የጠየቁትን ሕዝቡ እንደ አንድ ነገር ሰማው፤ ስለዚህም ከጎናቸው ቆመ።

ሳምንት ሳይሞላ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የቤንዚኑ ዋጋ እንዲቀነስ፣ የትምህርቱም ዕቅድ እንዲቆይ አደረጉ። የካቲት ሳያልቅ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ከነሚኒስትሮቻቸው ሥልጣን ለቀቁ፤ ልጅ እንዳልካቸው መኮንንም ተተኩ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከዙፋን ወረዱ። ያን መንግሥት መምህራን ብቻቸውን አልጣሉትም፤ ጦሩም፣ ረኃቡም፣ የመሬቱም ጥያቄ ነበር። ነገር ግን ሥራ አቁሞ መንግሥትን ወደ ኋላ ማስመለስ እንደሚቻል በዚያች ሳምንት ያሳዩት እነርሱና የታክሲ ነጂዎቹ ናቸው።

ደርግ ሥልጣን በያዘ ጊዜ መምህሩ ለዘመቻ ተጠራ። በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ፤ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀምሮ ሽማግሌውም አሮጊቷም ስማቸውን መጻፍ ቻሉ። በመካከሉ ግን ቀይ ሽብር መጣ፤ ስንት መምህር ከቤቱ ተወስዶ ቀረ። ማኅበሩም ስሙ ቢኖር ከመንግሥት ቃል የተለየ ቃል መናገር አልተቻለውም።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ በገባ ጊዜ፣ ማኅበሩ ራሱን ችሎ ለመቆም ተነሣ። መሪው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህር ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት ነበሩ። በ1985 ዓ.ም. 42 መምህራን ከዩኒቨርሲቲው ሲባረሩ፣ እርሳቸውና ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ከመካከላቸው ነበሩ። በዚያም ወራት ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ሁለቱም በአንድ ስም ተጠሩ፤ መንግሥትም አንደኛውን ዐውቆ ዶክተር ታዬ የሚመሩትን ገፋ። በግንቦት 1988 ዓ.ም. ዶክተር ታዬ ከአውሮፓ ሲመለሱ ታሰሩ፤ በ1991 ዓ.ም. 15 ዓመት ተፈረደባቸው፤ በ1994 ዓ.ም. በይግባኝ ቅጣቱ ወደ 5 ዓመት ዝቅ ሲል፣ 6 ዓመት ያህል ታስረው ነበርና ተፈቱ።

ሚያዝያ 30 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ የማኅበሩ አመራርና የሰብዓዊ መብት ጉባኤ አባል የነበሩት አቶ አሰፋ ማሩ ወደ ሥራቸው በእግር ሲሄዱ በፖሊስ ጥይት ተገደሉ። መንግሥት በሽብር ከሰሳቸው፤ የሰብዓዊ መብት ተሟጋቾች ግን መሣሪያ እንዳልያዙ መሰከሩ። እኛም ስማቸው እንዳይረሳ በዚህ ዜና ጻፍነው።

የስሙና የንብረቱ ክርክር ከችሎት ችሎት ሲንከባለል ኖሮ በ2000 ዓ.ም. ሰበር ሰሚ ችሎት መንግሥት ላወቀው ማኅበር ፈረደ። የተረቱት በሌላ ስም ብሔራዊ የመምህራን ማኅበር አቁመው ምዝገባ ቢጠይቁ ተከለከሉ፤ ጉዳዩም ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ዘንድ ደረሰ፤ ድርጅቱም ይመዝገቡ ብሎ ደጋግሞ አሳሰበ።

የነገሩ ሥር በሕጉ ውስጥ ነው። ኢትዮጵያ የመደራጀት መብትን የሚያጸናውን የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት 87ኛ ስምምነት ካጸደቀች ከ60 ዓመት በላይ ሆነ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42ም የመንግሥት ሠራተኛ የሚደራጅበትን በር ከፍቷል። ነገር ግን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛን አይመለከትም። ስለዚህ የግል ትምህርት ቤት መምህር፣ ጥበቃና ጽዳት ሠራተኛ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ሲችሉ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ያሉት አቻዎቻቸው ይህ ሕግ አይደርሳቸውም። በትግራይ በነበረው ጦርነት ምክንያት የክልሉ መምህራን የ17 ወር ደመወዝ በቀረባቸው ጊዜም፣ አሠሪያቸውን አስገድዶ ለድርድር የሚያስቀምጥ ሕግ አልነበራቸውም።

ከዚህ ሁሉ ዜና አንድ ነገር ይታወቃል፤ መምህሩ ስለ ደመወዙ በጠየቀ ጊዜ ስለ ተማሪውም ጠይቋል፤ መምህሩ ዝም በተባለበት ዘመን የተማሪውም ጠበቃ ጠፍቷል። እንግዲህ አንቀጽ 42 የገባው ቃል ለመምህሩም ለትምህርት ቤቱ ሠራተኛም በዝርዝር ሕግ ይፈጸምላቸው። የማኅበራቸውንም መሪ እነርሱው ይምረጡ፤ ማኅበር የአባላቱ እንጂ የሹም አይደለምና።