ፍሪጅ ውስጥ የማይተኛው ባክቴሪያ፦ ሊስቴሪያ ብርዱን እንዴት ይችለዋል?

ፍሪጅ ጀርም አይገድልም፤ ያዘገያል እንጂ። ብዙዎቻችን ግን ወተቱን ወይ የተረፈውን ክትፎ ፍሪጅ ከከተትን በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ለብዙ ባክቴሪያዎች እውነትም ያልቃል። ለምሳሌ ሳልሞኔላ ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በአብዛኛው መራባቱን ያቆማል። ሊስቴሪያ ሞኖሳይቶጂንስ የሚባለው ግን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ እንኳ ይራባል። ቀስ እያለ ነው፣ ግን አያቋርጥም።

ይሄን ጉልበት ከየት አመጣው? ከምክንያቶቹ አንዱ አርኤንኤ ሄሊኬዝ የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ስማቸው ይከብዳል፤ ሥራቸው ግን ጥጥ የሚፈተልበት ቤት ላደገ ሰው አዲስ አይደለም።

መጀመሪያ ብርድ ባክቴሪያን ምን እንደሚያደርገው እንይ። የሴሉ ሽፋን ቅባት ስላለበት ጠዋት እንደረጋ ቅቤ ይጠጥራል። ይሄን ባክቴሪያው የቅባቱን ዓይነት በመቀየር ይወጣዋል። ትልቁ ጣጣ ያለው ውስጥ፣ አርኤንኤው ላይ ነው።

ዲኤንኤ ዋናው የመመሪያ መዝገብ ነው እንበል። አርኤንኤ ከዚያ ላይ የሚገለበጥ ቅጂ ነው። ራይቦዞም የሚባለው የሴሉ ማሽን ቅጂውን ከጫፍ ጀምሮ እያነበበ ፕሮቲን ይሠራል። ችግሩ አርኤንኤ ነጠላ ክር መሆኑ ነው። ነጠላ ክር ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ራሱ ላይ ይታጠፋል፣ ፊደሎቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ሙቀት ሲኖር እነዚህ እጥፋቶች በቀላሉ ይላላሉ። ሲቀዘቅዝ ይጠብቃሉ። ያኔ ክሩ ውሉ እንደጠፋበት ልቃቂት ይሆናል፣ ራይቦዞሙም የሚይዘው ጫፍ ያጣል። ፕሮቲን ካልተሠራ እድገት የለም።

ሄሊኬዝ ውሉን ፈልጎ የሚያገኘው ነው። ኤቲፒ የተባለውን የሴል ነዳጅ እያቃጠለ የተያያዙትን ፊደሎች ያላቅቃል። ሥራው ግን ይሄ ብቻ አይደለም። ራይቦዞሙ ራሱ በአብዛኛው ከአርኤንኤ የተሠራ ስለሆነ በብርድ ጊዜ ሲገጣጠም ይወላገዳል፤ ሄሊኬዝ በትክክል እንዲታጠፍ ያግዛል። ጊዜው ያለፈበት አርኤንኤ ተቆራርጦ እንዲወገድም ይረዳል።

የቤተሰቡ ስም ደግሞ ያስቃል። ‘ዴድ ቦክስ’ ይባላሉ፣ በእንግሊዝኛ ‘ሙት’ እንደማለት። ስሙ ከሞት ጋር ምንም አያገናኘውም፤ በፕሮቲኑ ውስጥ ተከታትለው የሚገኙት የአራት አሚኖ አሲዶች ምልክቶች ዲ፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ ስለሆኑ ነው። ሥራው በብርድ ሕይወት ማቆየት የሆነን ነገር ሙት ብሎ መጥራት!

ነገሩ በደንብ የተጠናው በኢ. ኮላይ ነው። ይሄ ባክቴሪያ በሰው አንጀት በ37 ዲግሪ የለመደ ነው። በድንገት ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ እድገቱ ለጥቂት ሰዓታት ቀጥ ይላል። በዚህ መሃል አብዛኛው የፕሮቲን ሥራ ይቀንስና ለብርድ የሚሆኑ ጥቂት ፕሮቲኖች በብዛት ይመረታሉ፤ ከዚያ እንደገና ማደግ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ የነማሳዮሪ ኢኖዬ ቡድን ከእነዚህ አንዱ ሲኤስዲኤ የተባለ፣ ራይቦዞም ላይ የሚጣበቅና የተጠማዘዘ አርኤንኤን የሚፈታ ፕሮቲን መሆኑን አሳየ። ጂኑ ሲጠፋ ባክቴሪያው በብርድ ማደግ ይቸግረዋል።

ወደ ሊስቴሪያ እንመለስ። የፊንላንድ ሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ሥራ የሊስቴሪያን አራት የዴድ ቦክስ ጂኖች አንድ በአንድ እያጠፉ በ3 ዲግሪ አሳደጉት። ማለትም በደንብ በሚሠራ ፍሪጅ ቅዝቃዜ። ከአራቱ የሦስቱ መጥፋት እድገቱን ጎዳው። ባክቴሪያው በዚያ ቅዝቃዜ የመንቀሳቀስ አቅሙም ተነካ።

ይሄ የላብራቶሪ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ (ደብረ ዘይት) ተመራማሪዎች ከአዲስ አበባ መሸጫዎች ከ300 በላይ የምግብ ናሙናዎች መርምረው ነበር። የተፈጨ ሥጋ፣ አይስክሬም፣ ክሬም ኬክ ሳይቀር። አደገኛው ሊስቴሪያ 5 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ተገኘ። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 ፖሎኒ ከሚባል ተቀነባብሮ ቀዝቅዞ ከሚሸጥ ሥጋ በተነሳ ወረርሽኝ ከ1,000 በላይ ሰው ታሞ ከ200 በላይ ሞቷል።

ጤነኛ ወጣት ላይ ብዙ ጊዜ ቀላል ሕመም ሆኖ ያልፋል። የሚጎዳው ነፍሰ ጡሮችን፣ አራስ ሕፃናትን፣ አረጋውያንንና የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎችን ነው። እናትየው ትንሽ ትኩሳት ብቻ ተሰምቷት ፅንሱ ሊሞት ይችላል። ሕመሙ ከተበላ ከሳምንታት በኋላ፣ አንዳንዴም እስከ 70 ቀን ቆይቶ ሊመጣ ስለሚችል ጥፋተኛውን ምግብ ማስታወስ ከባድ ነው።

ደካም ሁኑ ቦንጋ፣ መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ይሞቃል። ያኔ ሊስቴሪያ ብርዱ ላይ ከነበረው በጣም ፈጥኖ ይራባል፤ መብራት ሲመጣ ደግሞ የተራባው አይሞትም፣ ባለበት ይቀጥላል። ፍሪዘርም አይገድለውም። የሚገድለው እሳት ነው፦ ጥሬ ወተት ማፍላት፣ የተረፈን ሥጋ እንፋሎቱ እስኪወጣ ማሞቅ። ፍሪጁን 4 ዲግሪና ከዚያ በታች አድርጉት፣ ጥሬ ሥጋን ከታችኛው መደርደሪያ፣ እንደ አይብ ሳይሞቅ የሚበላውን ከላይ አስቀምጡ። ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ጥሬ ክትፎውና ያልፈላው ወተት እስክትወልድ ይቆይ።