የጋሼን ዜኒት የፈታሁ ለታ

ባለፈው ሳምንት ጠረጴዛዬ ላይ የተበታተነ ካሜራ ፎቶ ስለጥፍ «ቲቸር፣ ታሪክ ትተህ ጥገና ጀመርክ እንዴ?» ያላችሁኝ ተማሪዎቼ፣ መልሱ ይኸው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ካሜራው ዜኒት-ኢ ነው። አጎቴ በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት ተምሮ ሲመለስ ይዞት መጣ። የእናቴ ሰርግ፣ የእኔ ክርስትና፣ የአያቴ ተዝካር የተነሳው በሱ ነው። ከዚያ ሌንሱ ደርቆ አልዞር አለና ቁም ሳጥን ውስጥ ገባ። አንድ ጠጋኝ ጋ ወስጄው «ይሄ ጊዜው አልፎበታል፣ ለጌጥ አስቀምጡት» አለኝ። ጋሼ ደሞ «እኔ ሳልሞት እንዳትፈታው» ብሎኛል። ጸበል ሲሄድ ጠብቄ ፈታሁት።

ችግሩ ቀላል ነበር። ሄሊዮስ የሚባለው ሌንስ ውስጥ ያለው ግሪስ በዕድሜ ብዛት እንደ ሙጫ ደርቋል። ቀለበቱን የያዙትን ሦስት ትንንሽ ብሎኖች በሰዓት ሰሪ ካቻቪቴ ፈታሁ፣ ጥርስ ለጥርስ የተያያዙትን ቱቦዎች አላቀቅኩ፣ በላይተር ቤንዚን አጠብኩ፣ አዲስ ግሪስ በስሱ ቀባሁ፣ መልሼ ገጠምኩ። ቅቤ እንደነካው ዞረ! ደስታዬን አትጠይቁኝ። ካሜራው ላይ አስሬ በመስኮት ማዶ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ሳይ ግን ጭጋግ ነው። እስከ መጨረሻው አዞርኩት፣ አሁንም ጭጋግ።

ለካ የሌንሱ ጥርስ እንደ ተራ ብሎን አንድ መግቢያ ብቻ አይደለም ያለው። ብዙ ነው። ትክክለኛው ግን አንዱ ብቻ ነው፣ ከመለያየቱ በፊት በእስክሪብቶ ምልክት ማድረግ ነበረብኝ። አላደረግኩም። የጋሼን ካሜራ ገደልኩት ብዬ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በዚያ ሌሊት ነው ስለ ካርኮቭ ልጆች ያሰብኩት።

እ.ኤ.አ. በ1927 መጨረሻ በዩክሬን ካርኮቭ አጠገብ ለጎዳና ልጆችና ለወላጅ አልባዎች አንድ ኮሙን ተከፈተ። የመራው አንቶን ማካሬንኮ የሚባል መምህር ነው። ልጆቹ የቀኑን ከፊል ይማራሉ፣ ከፊሉን በወርክሾፕ ይሠራሉ። ስሙ የተሰጠው ለምስጢራዊው ፖሊስ መሥራች ለፌሊክስ ኤድሙንዶቪች ዤርዢንስኪ መታሰቢያ ነው። (ልጆችን ከጎዳና ያነሳው መንግሥት በዚያው ስም ስንቱን እንዳሰረ ሌላ ቀን እናወራለን።) በ1932 የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ሠሩ። ከዚያ የጀርመኑን ላይካ ካሜራ ፈታትተው እያንዳንዱን ክፍል እየለኩ መሰሉን መሥራት ጀመሩ፣ በ1934 በብዛት ማምረት ቻሉ። ስሙን ከዤርዢንስኪ ስም ሦስት ፊደላት ወስደው ፌድ አሉት።

እኔን የገረመኝ ግን የሚከተለው ነው። የመጀመሪያዎቹ ፌዶች ልካቸው አንድ ዓይነት አልነበረም። የአንዱ ሌንስ ሌላው ላይ ቢታሰር ምስሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ እያንዳንዱን ሌንስ ከየራሱ ካሜራ ጋር በእጅ ያስማሙት ነበር። የኔን ጭጋግ እነዚያ ልጆች ያውቁታል ማለት ነው! የሚሠሩት ደሞ ወርክሾፕ ውስጥ ያደጉ ወጣቶች ናቸው።

በ1941 ጀርመኖች ካርኮቭን ሲይዙ ፋብሪካው ተነቅሎ ወደ ምሥራቅ ሄደ። ከጦርነቱ በኋላ ሞስኮ አጠገብ ያለው የክራስኖጎርስክ ፋብሪካ የፌድን ሥራ ወርሶ ዞርኪ የሚባለውን አወጣ። በ1952 ዞርኪ ላይ መስታወት ጨምረው ዜኒትን ሠሩ፣ በ1965 ዜኒት-ኢ ተከተለ። ያ ፋብሪካ ብቻውን ከ3 ሚሊዮን በላይ ዜኒት-ኢ አምርቷል። ሄሊዮስም ራሱ የጀርመኑን ባዮታር ሌንስ ተከትሎ የተሠራ ነው። የጋሼ ካሜራ አያቱ ላይካ ነው እንበል። ተፈትቶ የተወለደ ዕቃ ስለሆነ መፈታት አይፈራም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የሩቅ የመንገድ መብራት እያየሁ መግቢያዎቹን አንድ በአንድ ሞከርኩ። በአራተኛው ማታ መብራቱ ነጥብ ሆኖ ቁጭ አለ። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

የሚሞክር ካለ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። ውስጥ ያለውን መስታወት በጨርቅ እንዳታሹት፣ የሚያንጸባርቀው ቅብ ከላይ ስለሆነ ይላጣል። መጋረጃው የተበሳ መሆኑን ለማወቅ ደሞ ጨለማ ክፍል ገብታችሁ በሌንሱ ቦታ ባትሪ አብሩና ከጀርባ ተመልከቱ። እኔ ሁለት ቀዳዳ አግኝቼ በጥቁር የጨርቅ ቀለም በስሱ ደፈንኩ። የብርሃን መለኪያው ግን ሞቷል፣ ትቼዋለሁ።

ጋሼ ቅዳሜ መጣ። ነገርኩት። ምንም አላለኝም። ካሜራውን ተቀብሎ ጆሮው ላይ ለጥፎ እያጠነጠነ ተኮሰ፣ ፍጥነቱን እየቀያየረ ደጋግሞ ተኮሰ።

«ሠላሳው ይዘገያል» አለኝ። «እሱን አስተካክልና ፊልም ፈልግ።»

ስለዚህ ቤቱ የሞተ ዜኒት ያለው ሰው፣ ለመለዋወጫ ስለምፈልገው በውስጥ መስመር ያናግረኝ።