ወሎ ላይ የታጠፈው መንገድ

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የኬንያ አንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ታሪኳን ስትናገር የምትነሳው ከ1844 ነው። በዚያ ዓመት ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ የሚባል ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ሞምባሳ ገባ። ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠር ምእመን ያላት ቤተ ክርስቲያን መነሻዋን ከእሱ ትቆጥራለች። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ክራፕፍ የአገልግሎት ዘመኑን ለመጨረስ ያሰበው ሞምባሳ ሳይሆን አንኮበር እንደነበር ነው። ሸዋ ተቀምጦ አማርኛና ኦሮምኛ ተምሯል፤ ልቡም እዚያው ነበር። ወደ ባሕር ለጥቂት ጊዜ ብሎ ሲወጣ፣ መንገዱ ከጃማና ከወንጭት ገደል ማዶ ባለው ደጋ፣ ዛሬ ከላላ፣ ለገሂዳ፣ ለጋምቦና ተንታ የሚባሉት ወረዳዎች በሚገኙበት ወሎ ላይ ታጠፈበት።

ይህ የአንድ ሰው መዘረፍ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንሳቱ ባላስፈለገ። ነገሩ ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሳል፤ እምነት ባዕድ አገር ላይ የሚተከለው በምንድን ነው?

ክራፕፍ በ1810 ቱቢንገን አጠገብ ተወለደ። ባዝል ተምሮ በእንግሊዙ የቤተ ክርስቲያን ሚስዮናዊ ማኅበር ተቀጠረና ወደ ኢትዮጵያ ተላከ። መጀመሪያ የገባው ዓድዋ ነበር። በ1838 ከነባልደረቦቹ ተባረረ። በቀጣዩ ዓመት ከኢዘንበርግ ጋር በታጁራ በኩል አድርጎ ሸዋ ደረሰ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ተቀበሉት። የንጉሡ ፍላጎት ግን ስብከት አልነበረም፤ መድኃኒት፣ የእጅ ጥበብና ጠመንጃ ነበር። ክራፕፍም ይህን ያውቅ ነበር። ቢሆንም ሦስት ዓመት ቆየ። የኦሮምኛ ሰዋስው ጻፈ፤ ከወንጌልም ክፍል ተረጎመ። ኦሮሞው ወንጌልን ቢቀበል ከመላው አፍሪካ መካከል ብርሃን ይሆናል የሚል ጽኑ እምነት ነበረው።

በእጁ ያለው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም የነጭ ሥራ አልነበረም። የተረጎመው አቡ ሩሚ የሚባል ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ነው። ካይሮ ተቀምጦ ለአንድ ፈረንሳዊ ቆንስል አሥር ዓመት ሙሉ ከተረጎመ በኋላ በወረርሽኝ ሞተ። የብራናውን ጥራዝ እንግሊዞች በ1820 ገዙት፤ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ታተመ። እነ ክራፕፍ በየደረሱበት ያደሉት የነበረው ቃል የሐበሻ ልጅ የደከመበት ነው። ይህን ነጥብ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1841 ካፒቴን ሐሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን መድፍና ጠመንጃ ጭኖ አንኮበር ገባ። ክራፕፍ አስተርጓሚና አማካሪ ሆነ። በኅዳር ወር የንግድና የወዳጅነት ውል ተፈረመ። ወንጌል ሰባኪው ከዚያን ቀን ጀምሮ በሰው ዓይን የአንድ መንግሥት ሰው ሆነ። እሱ ራሱ የሚያስበው ሌላ ሊሆን ይችላል። ከሩቅ የሚያየው ባላባት ግን የውል አስተርጓሚውን ከሰባኪው ለይቶ የሚያይበት ምክንያት አልነበረውም።

በመጋቢት 1842 ክራፕፍ ከአንኮበር ወጣ። ጉዳዩ ሦስት ነበር፤ ግብጽ የደረሱ አዳዲስ ሚስዮናውያንን ማምጣት፣ ሮዚነ ዲትሪኽ የምትባል እጮኛውን ማግባት፣ በመንገዱም ጎንደር ገብቶ አዲሱን ጳጳስ አቡነ ሰላማን ማግኘት። አቡነ ሰላማ ልጅ ሳሉ ካይሮ በሚስዮናውያን ትምህርት ቤት ስለተማሩ ክራፕፍ ብዙ ተስፋ ጥሎባቸው ነበር። በታጁራ በኩል በመጣበት መመለስ ትቶ የወሎን መንገድ መረጠ።

ያን ጊዜ ወሎ አንድ ገዢ አልነበረውም። ወረ ሂመኖ፣ ለጋምቦ፣ ለገ ሂዳ፣ ለጋ ጎራ እየተባለ በቤት በቤት የተከፋፈለ፣ ለእያንዳንዱም ባላባት ያለው አገር ነበር። ከሸዋ ሲወጣ የተቀበለው የለጋ ጎራው አዳራ ቢሌ የሣህለ ሥላሴ ወዳጅ ነበርና በደንብ አስተናገደው። ክራፕፍ ቀጥሎ ተንታ ደርሶ ከወረ ሂመኖው ኢማም ሊበን ጋር ተገናኘ። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ራስ ዓሊና ደጃዝማች ውቤ ደብረ ታቦር ላይ ተዋግተው አገሩ ታምሶ ነበር። ወደ ጎንደር የሚያሳልፍ መንገድ ጠፋ። ወደ ሸዋ ልመለስ ብሎ እንደገና አዳራ ቢሌ እጅ ገባ። በዚህኛው ጉዞ አስተናጋጁ አሳሪ ሆነ። አዳራ ቢሌ ጋቲራ በምትባለው መቀመጫው ላይ ሚስዮናዊውን አስሮ ገንዘቡን፣ በቅሎውን፣ ጓዙን ሁሉ ወሰደበትና ወደ ሸዋ ሳይሆን ወደ ሰሜን ሸኘው። ክራፕፍ በሐይቅ በኩል አድርጎ፣ በትግራይ አቋርጦ፣ እየለመነ ምጽዋ ደረሰ።

ይህን ታሪክ በ1843 ለንደን ላይ ከታተመው ማስታወሻው ያነበበ አውሮፓዊ «የወሎ ሰው ወንበዴ ነው» ብሎ መጽሐፉን ዘግቶ ይሆናል። የተፈጸመው ግፍ መሆኑ አያከራክርም። እንግዳን አብልቶ ማሰር በወሎ ባህልም ነውር ነው። ሆኖም ያው ማስታወሻ ሌላም ነገር ይዟል። ክራፕፍ በዚያ ደጋ ሰዎች ተሰብስበው ቡናና ጫት ይዘው የሚያደርጉትን የዱዓ ሥርዓት አይቶ ጽፏል፤ ወሎዬ ዛሬም ወዳጃ የሚለውን ማለት ነው። ከተዘረፈ በኋላም ያበሉት ጉምሩክ ወይም ቆንስላ አይደሉም። የመንገዱ ሰዎች ናቸው።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ክራፕፍ የሄደበት አገር ስለ አምላክ ያልሰማ አገር አልነበረም። በቦረና በኩል ስሙ የሚነሳው አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ መጽሐፈ ምሥጢርን የጻፈው ከክራፕፍ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። አማራ ሳይንት ላይ ተድባበ ማርያም፣ አምባሰል ላይ ግሸን ማርያም ነበሩ። በሌላ ወገን ደግሞ እነ ጀማ ንጉሥና ዳና የእስልምና ትምህርት ማዕከላት ሆነው ደረሳ ያፈሩ ነበር። እስልምና በወሎ የሰፋው ባላባት ስላዘዘ ብቻ አይደለም። ሼኹ እዚያው ኖሮ፣ እዚያው አግብቶ፣ መንዙማውን በአማርኛ እያወረደ ስላስተማረ ነው። ሕዝቡ ቂርአቱን በአረብኛ ይቅራ እንጂ የሚያለቅሰው በራሱ ቋንቋ ነበር። በእንዲህ ያለ አገር ላይ በበቅሎ እያለፉ መጽሐፍ ማደል ምን ያህል ሥር ይሰድዳል?

ክራፕፍ ከዚያ በኋላ ያየው መከራ ልብ ይሰብራል። እስክንድርያ ላይ ሮዚነን አገባ። ወደ ሸዋ ልመለስ ሲል ሣህለ ሥላሴ በሩን ዘጉበት። በትግራይ በኩል ሲሞክር ደጃዝማች ውቤ መለሱት። በ1843 በምጽዋ በኩል ባለው የሳሆ በረሃ ሮዚነ ያለጊዜው ሴት ልጅ ወለደች፤ ሕፃኗ ብዙም አልቆየች። ስሟን በአማርኛ «እንባ» አሏት። አገሪቱ ብታባርረውም ለልጁ የመረጠው ስም የአገሪቱን ቋንቋ ነበር።

ከዚያ ወደ ደቡብ ወረደ። ዓላማው ያው ነበር፤ በሰሜን የተዘጋበትን የኦሮሞ አገር በሞምባሳ በኩል ዞሮ መግባት። በሐምሌ 1844 ሚስቱም ሁለተኛዋ አራስ ልጁም በቀናት ልዩነት ሞቱበት። መቃብራቸውን ከሞምባሳ ደሴት ማዶ፣ ሰው በሚያልፍበት የብስ ላይ አደረገው። ራባይ ላይ ከሬብማን ጋር ተቀምጦ ስዋሂሊ ተማረ፣ ተረጎመ፣ መዝገበ ቃላት አዘጋጀ። በ1849 የኬንያን ተራራ ከሩቅ አየ። ከብዙ ዓመት ድካም በኋላ በ1851 መጀመሪያ የተጠመቀው ምሪንጌ የሚባል አካል ጉዳተኛ ነበር፤ እሱም የተጠመቀው ሊሞት ሲል ነው። በቁጥር ለሚለካ ሰው ይህ ውድቀት ነው። ነገር ግን ራባይ ላይ ሲሠራ ውል የሚያስፈርም ካፒቴን ከጎኑ አልነበረም። መቃብርና ቋንቋ ነበረው። ቤተ ክርስቲያኗም የበቀለችው ከዚያ ነው።

ወሎስ? ከክራፕፍ 36 ዓመት በኋላ ሌላ ዓይነት ተከላ ተሞከረ። በ1878 ቦሩ ሜዳ ላይ አጼ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊሞች በሦስት ዓመት ውስጥ ክርስትና እንዲቀበሉ አወጁ። ታላላቆቹ ባላባቶች ተጠመቁ፤ መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብሎ ኋላ ንጉሠ ወሎ እስከ መሆን ደረሰ። ቀሪው ሕዝብ ግን ገሚሱ ተሰደደ፣ ገሚሱ ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆነ፣ እነ ሼኽ ጠልሃ ጃዕፈር ደግሞ ተቃውሞውን መሩ። ዛሬ ከላላን የረገጠ ሰው ውጤቱን ያውቃል። ብዙኃኑ ሙስሊም ነው፤ ክርስቲያን ጎረቤቱም አብሮት አለ። ያልፍ መንገደኛ መጽሐፍ ያደለበት፣ ንጉሥም አዋጅ ያስነገረበት ደጋ ሁለቱንም አሳልፎ የራሱን ይዞ ቀረ።

የክራፕፍ የኦሮሞ ሕልም የተፈታውም በሌላ ሰው እጅ ነው። ክራፕፍ ካረጀ በኋላ የአጼ ቴዎድሮስ ታሪክ ጸሐፊ ደብተራ ዘነብ በኦሮምኛ ትርጉሙ አግዞት አዲስ ኪዳን በ1876 ታተመ። የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ይህንኑ ሕልም ወርሶ በ1866 ምጽዋ ገባ፤ ወደ መሐል አገር ግን ለረጅም ጊዜ ማለፍ አቃተው። ያለፈው በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ ምጽዋ ላይ ነፃ የወጣ ሒካ የሚባል የኢሉባቦር ልጅ ነው። ዓለም የሚያውቀው ኦኔሲሞስ ነሲብ በሚለው ስሙ ነው። እሷም ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖ አግዛው ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ። በ1899 ታተመ። በ1904 ወለጋ ቦጂ ገብቶ ትምህርት ቤት ከፈተ። ሠላሳ ዓመት አውሮፓውያን ያላለፉትን በር አንድ የተሸጠ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ከፈተው። አቡ ሩሚ፣ ደብተራ ዘነብ፣ ሒካ፣ አስቴር፤ የሚስዮን ታሪክ ሲጻፍ ስማቸው በግርጌ ይቀመጣል እንጂ ሥራውን የሠሩት እነሱ ናቸው።

ክራፕፍ ኢትዮጵያን እንደገና ለማየት ዕድል አግኝቶ ነበር። እንግሊዞች በ1867 በአጼ ቴዎድሮስ ላይ ሲዘምቱ አስተርጓሚ አድርገው ወሰዱት፤ ታሞ ዘመቻው ሳይፈጸም ተመለሰ። ጦሩ ግን መቅደላ ደረሰ። መቅደላ ያለችው እሱ በ1842 ኢማም ሊበንን ካገኘበት ከተንታ ብዙም ሳይርቅ ነው። አዳራ ቢሌ የሠራው ግፍ ቢሆንም፣ ያ ደጋ በኋላ ያየውን ስናይ የፈረንጁን ጓዝ በጥርጣሬ የተመለከተው ሰው ፈጽሞ ተሳስቷል ማለት ይከብዳል።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ኢትዮጵያውያን ራሳቸው ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም ከአፍሪካ እስከ አሜሪካ ቤተ ክርስቲያን ይተክላሉ። ሙስሊሙም በየሄደበት መስጊድ ይሠራል። ተካዮቹ ከመነሳታቸው በፊት የክራፕፍን ሁለት ጉዞዎች ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው መልካም ነው። በአንደኛው ውል፣ ወዳጅ ንጉሥና የተጫነ በቅሎ ነበረው፤ አንድም ነገር አልተከለም። በሌላኛው ሚስቱንና ልጁን ቀብሮ የሰውን ቋንቋ መማር ጀመረ።